ግብጦ፣ ሽሮና ተልባ፦ ከሰባ ጉበት ሕክምና ጎን የሚቆም ማዕድ

«ጉበትህ ላይ ስብ አለ» ተብሎ የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዞ የወጣ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ምክር ይዘንብበታል። አንዱ ግራዋ ጨምቀህ ጠጣ ይላል፤ ሌላዋ በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት በማር ትላለች፤ ገበያ ውስጥ ደግሞ «ጉበት የሚያጥብ» የተባለ ዱቄት በላስቲክ ተቋጥሮ ይሸጣል። ጉበት የሚታጠብ ዕቃ አይደለም። ስቡን የሚያቃጥለው ራሱ ጉበቱ ነው፤ የሚያቃጥለውም በየቀኑ ከላይ የሚጫንበት ስኳር፣ ነጭ ዱቄት፣ ዘይትና አልኮል ሲቀነስለት ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዳር ያለ ሰው በእጁ ያሉት እህሎች፣ ግብጦው፣ ሽምብራው፣ ዳጉሳው፣ ተልባውና ጎመኑ የሚጠቅሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ የእነዚያን ቦታ ወስደው ሆድ ያጠግባሉ። በነበረው ምግብ ላይ ከተደረቡ ምንም አይፈይዱም።

ልኩን በቁጥር ማወቅ ይረዳል። የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሲቀንስ ከጉበት ላይ ስቡ መነሳት ይጀምራል። ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ብግነቱም ይበርዳል፤ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠባሳውም ሊሻሻል ይችላል። ለ80 ኪሎ ሰው የመጀመሪያው ከ2.4 እስከ 4 ኪሎ፣ የመጨረሻው 8 ኪሎ ማለት ነው። ፍጥነቱ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይሁን። ምግብ አቁሞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መክሳት ጉዳት አለው፤ ከሆድ የተነሳው ስብ በገፍ ወደ ጉበት ይሄዳል፣ የሐሞት ጠጠርም ያስከትላል።

መጀመሪያ የጉበቱ ሕመም ይለይ

በጣና ዙሪያ ያበጠ ወይም የታመመ ጉበት ሁሉ ስብ አይደለም። በሐይቁ ዳርና በገባር ወንዞቹ ውኃ የሚገባ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል። የአንጀት ቢልሃርዚያ እንቁላሉ ጉበት ውስጥ እየተቀበረ ያጠነክረዋል፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን እንጂ ተልባ አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የራሳቸው የደም ምርመራ አላቸው። ለዓመታት አረቄ የጠጣ ሰው ጉበትም በአልትራሳውንድ ስብ ሊያሳይ ይችላል፤ እርሱ የመጀመሪያ ሕክምናው መጠጥ ማቆም ነው።

ስለዚህ ከምግቡ በፊት፣ በፈለገ ሕይወት ይሁን በጥበበ ግዮን ወይም በቅርብዎ ባለ ጤና ተቋም፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የስኳር፣ የጉበት ኢንዛይሞች (ኤ.ኤስ.ቲ. እና ኤ.ኤል.ቲ.) እንዲሁም የፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ሕዋስ) ቁጥር ይታዩ፤ ውኃ ውስጥ የሚውል ሰው የሰገራ ምርመራም ይጨምር። አልትራሳውንድ ትንሽ ስብን አያይም፤ ኢንዛይሙ ደህና ሆኖም ጉበቱ ሊሰባ ይችላል። አንዱ ወረቀት ብቻውን አይበቃም የምንለው ለዚህ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እጅዎ ላይ ካሉ ጠባሳ የመኖሩን ዕድል በስልክ ካልኩሌተር ማስላት ይቻላል። ዕድሜዎን በኤ.ኤስ.ቲ. ያባዙ። ለብቻው ደግሞ የፕሌትሌቱን ቁጥር (በሺህ) በኤ.ኤል.ቲ. ስኩዌር ሩት ያባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። የ45 ዓመት ሰው ኤ.ኤስ.ቲ. 40፣ ኤ.ኤል.ቲ. 64፣ ፕሌትሌት 200 ሺህ ቢሆን፤ 45 በ40 ሲባዛ 1800፤ የ64 ስኩዌር ሩት 8 ስለሆነ 200 በ8 ሲባዛ 1600፤ ውጤቱ 1.1 ገደማ ይሆናል። ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ የጉበት ሐኪም ሳያይዎት ምንም አይጀምሩ። በመካከል ያለው ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የታችኛው ወሰን 2 ይሆናል፤ ከ35 ዓመት በታች ስሌቱ አያስተማምንም።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሆድ ውኃ ቋጥሮ ከተነፋ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰ ወይም ሰውየው ግራ መጋባት ከጀመረ ስለ ምግብ የሚወራበት ጊዜ አልፏል፤ ያኔውኑ ሆስፒታል።

ግብጦ

ከሁሉም ቀድመን ግብጦን የምናነሳው ጎጃም ውስጥ በየገበያው የሚገኝ፣ በሜጫ፣ በአቸፈርና በአዊ የሚበቅል፣ ሆኖም የድሃና የአረቄ ቤት ምግብ ተብሎ የተናቀ ስለሆነ ነው። ደረቁ ፍሬ ከክብደቱ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ስታርች የለውም ማለት ይቻላል። ተነክሮ የተዘጋጀ 100 ግራም፣ ሁለት እፍኝ ያህል፣ ወደ 16 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ካሎሪው 120 አካባቢ ነው። በመክሰስ ሰዓት ከሚበላ ሁለት ቦንቦሊኖና ጣፋጭ ሻይ ጋር ያወዳድሩት።

ችግሩ ምሬቱ ነው። ምሬቱ አልካሎይድ የሚባል መርዝ ነው፤ እሳት አያጠፋውም፣ ውኃ ግን አጥቦ ያወጣዋል። ቆልቶ መብላት ወይም ሳይነክሩ አስፈጭቶ ሽሮ ውስጥ መቀላቀል አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መቁላት ሽታውን ያሳምረዋል እንጂ መርዙ እዚያው አለ። በደንብ ያልተነከረ ግብጦ የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ብዥ ይላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ያዞረዋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ሽንቱም ሊያዝ ይችላል። ይህን ያየ ሰው የቀረውን ግብጦ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለአንድ ቤተሰብ ሳምንታዊ ዝግጅት 1 ኪሎ ደረቅ ግብጦ ይበቃል። በሰፌድ አበጥረው የጠቆረውን፣ የተጨማደደውንና ነጠብጣብ ያለበትን ይልቀሙ፤ ሻጋታ የነካው ግብጦ ራሱ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይይዛል። በ4 ሊትር ውኃ ሌሊቱን ያሳድሩት። ጠዋት ውኃውን ይድፉና በአዲስ ውኃ 1 ሰዓት ይቀቅሉ። ይህን ቅቅል የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ካልተቀቀለ ፍሬው ሊበቅል ይሞክራል፣ ቆዳው አይላላም፣ ምሬቱም በሳምንት አይወጣም። ከቅቅሉ በኋላ እንደገና አፍስሰው በሰፊ ባልዲ፣ ለ1 ኪሎው ቢያንስ 4 ሊትር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያድርጉበት። ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ውኃውን መለወጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውኃው ቢጫ ሆኖ አረፋ ይይዛል፤ እየጠራ ይሄዳል።

በአራተኛው ቀን አንድ ፍሬ አኝከው ለአንድ ደቂቃ አፍዎ ውስጥ ያቆዩና ይትፉት። ምሬት ወዲያው አይመጣም፤ ከምላስ ሥር ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ጥቂት እንኳ ከተሰማዎት ይቀጥሉ። እንደ ፍሬው ዓይነትና እንደ ውኃው ብዛት አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከሰባት ቀን በላይ ይፈጃል። አንዱ ፍሬ ጣፍጦ ሌላው ሊመር ስለሚችል ከባልዲው ሥር፣ ከመሐልና ከላይ ሦስት ፍሬ ይሞክሩ። የተደፋውን ውኃ ከብትና ዶሮ እንዳይጠጡት፣ ወደ ወንዝም እንዳይገባ ጉድጓድ ውስጥ ያፍስሱት።

በጆንያ አስሮ ድንጋይ ጭኖ ወንዝ ውስጥ መንከር የቆየ መንገድ ነው፤ ምሬቱንም ያወጣል። ነገር ግን ወንዝ ውስጥ ቆሞ ጆንያ የሚያገላብጥ ሰው ቢልሃርዚያ ይሸምታል፤ ግብጦውም ከላይ የመጣውን ቆሻሻ ይጠጣል። ወንዝ ካልቀረ በመጨረሻ በቤት ንጹሕ ውኃ አጥበው እንደገና 10 ደቂቃ ያፍሉት። በቤት የተነከረውንም ቢሆን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያፈሉት ይቆይልዎታል።

ያለቀለት ግብጦ በፍሪጅ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቀመጣል። ከላዩ ሲያዳልጥ ወይም ሲኮመጥጥ ይጣል። የገበያው ግብጦ ጨው ይበዛበታል፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ወስዶ አንድ ሰዓት በንጹሕ ውኃ ያቆየው። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከአንድ እፍኝ አይበልጡ፤ ሆድ ይነፋል፣ ከዚያ ይለመዳል። ለውዝ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላልና አይሞክር። ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ቆራርጠው ሲያቀርቡት ለቁርስ በጣም ጥሩ ነው። ከአረቄ ጋር የቀረበ ግብጦ ግን ለጉበት ምንም አላደረገም።

ሽሮው አይጎዳም፣ ዘይቱ ነው

ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ ለጉበት ከሥጋም ከዳቦም የተሻሉ ናቸው። በየቤቱ የሚያበላሻቸው ዘይት ነው። ለአምስት ሰው ወጥ አንድ የውኃ ብርጭቆ ዘይት የሚገለበጥበት ቤት ብዙ ነው፤ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት 1,650 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፣ ለአንድ ሰው 330 ማለት ነው። ይህ ከሽሮው ከራሱ ይበልጣል። ኑግ ይሁን ሱፍ ወይም የሚረጋው የፓልም ዘይት፣ በካሎሪ ሁሉም እኩል ናቸው፤ በዓይነት ግን የሚረጋውን ቢተዉት ይሻላል።

የድሮው አሠራር ልክ ነበር፤ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ማቁላላት። ለአምስት ሰው 4 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርገው ይክተፉ። ድስቱን በመካከለኛ እሳት ያሙቁ፣ ሽንኩርቱን ያስገቡ፣ እያማሰሉ 15 ደቂቃ ያህል ያቁላሉ። ሲይዝ ሁለት ማንኪያ የፈላ ውኃ ጣል ያድርጉ። የሽንኩርቱ ውኃ ተንኖ ቀለሙ ሲደምቅ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከትንሽ ውኃ ጋር ይግባ፤ ለ5 ደቂቃ ይብሰል። ዘይት አሁን ነው የሚገባው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በማንኪያ ተለክቶ። ከጀሪካኑ በቀጥታ የሚንቆረቆር ዘይት ልክ የለውም። 6 ፍንጭት ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይከተላል። 150 ግራም ሽሮ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ ለብቻው ይበጥብጡና ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ደረቅ ሽሮ የፈላ ውኃ ላይ ሲበተን ይጓጉላል፣ ጓሉን ለመፍታት ደግሞ ብዙ ሰው ዘይት ይጨምራል። በቀስታ 25 ደቂቃ ይንተክተክ። ዘይት ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጥ አልበሰለም የሚለው ልማድ እዚህ ቤት አይሠራም፤ ሽሮው ከማማሰያው ጀርባ ላይ ሸፍኖ ሲይዝ በስሏል።

የሽሮ እህል ሲገዙ ስለ ጓያ መጠንቀቅ ግድ ነው። በፎገራና በደንቢያ ሽምብራና ጓያ በአንድ ወቅት፣ በቀረው እርጥበት ስለሚበቅሉ ዋጋው የረከሰ ሽሮ ጓያ ሊቀላቀልበት ይችላል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ ያ ሽባነት አይድንም። ነክሮ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ ሽምብራውን በፍሬው ገዝተው ለቅመው ያስፈጩ። ሽምብራ ክብ ሆኖ አንድ ጫፉ እንደ ወፍ አፍ ይሾላል፤ ጓያ ግን እንደ ፍልጥ ጠርዝና ማዕዘን አለው።

በርበሬም እንዲሁ። እርጥብ ጆንያ ውስጥ የከረመ በርበሬ፣ በቆሎና ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ይይዛሉ፤ ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ዛላውን ሰንጥቀው ውስጡን ይዩ፤ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካለ መፈጨት የለበትም። በማጠብም በመቁላትም አይወጣም።

እንጀራው

ነጭ ሩዝ ከጤፍ ጋር ማቡካት በፎገራና በባሕር ዳር የተለመደ ነው፤ እንጀራው ነጭና ለስላሳ ይሆናል። ለሰባ ጉበት ግን ሩዙን በዳጉሳ መተካት ይሻላል፤ ዳጉሳ ከነገለባው ስለሚፈጭ ቃጫው (ፋይበሩ) አብሮ ይቆያል፣ ስኳርም በዝግታ ወደ ደም ይገባል። 2 ኪሎ ጤፍና 1 ኪሎ ዳጉሳ ይበቃል። ዳጉሳው መሬት ላይ የተወቃ ከሆነ አሸዋ አይጠፋውም፤ አጥበው፣ አዝቅጠው፣ አድርቀው ያስፈጩ። በወንፊት ሲነፉ የሚቀረውን ገለባ አይጣሉ፤ የፈለግነው እርሱን ነው።

ዳጉሳ የበዛበት ሊጥ ሲጋገር ይሰነጣጠቃል፣ በማግሥቱም ይደርቃል። መድኃኒቱ አብሲት ነው። በባሕር ዳር ሙቀት በሁለተኛው ቀን ሊጡ ሲቦካ 3 ጭልፋ ወስደው 1 ሊትር በሚፈላ ውኃ እያማሰሉ እስኪወፍር ያብስሉ፣ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመልሱ፣ ኩፍ እስኪል ይጠብቁ። አሁንም ከተሰነጠቀ በሚቀጥለው አብሲቱን ወደ 4 ጭልፋ ያሳድጉ።

መጠኑ ከዓይነቱ ይበልጣል። ከጋራ ትሪ የሚበላ ሰው ስንት እንደበላ አያውቅም፤ ጉርሻውም አለ። እስኪለመድ ለብቻ ሳህን ቀርቦ ግማሽ እንጀራ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፣ የሳህኑ እኩሌታ ጎመን፣ ቀይ ስር፣ ፎሶልያ ወይም ቲማቲም ይሁን፣ የቀረው ሩብ ሽሮ ወይም ምስር። ድንችና ነጭ ሩዝ የእንጀራው ወገን ናቸው፤ ሁለቱን ከእንጀራ ጋር መደረብ አይገባም።

ጎመኑ ከረግረግ ዳር ከተቆረጠ በጥሬው አይበላ። የከብት የጉበት ትል እጭ ውኃ ዳር ባለ ቅጠል ላይ ይጣበቃል፣ በማጠብም ሁሉ አይለቅም፤ መቀቀል ይገድለዋል።

ተልባና አብሽ

በሰባ ጉበት ሕሙማን ላይ የተሞከረው የተልባ መጠን በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ ለ12 ሳምንት፣ ያውም ከአመጋገብ ለውጥና ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። በቤት መለኪያ 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሆናል። በ1 ማንኪያ ይጀምሩና በየሳምንቱ አንድ ይጨምሩ። ተልባውን በለስላሳ እሳት መንጣጣት እስኪጀምር ብቻ ያምሱ፤ ከጠቆረ ቅባቱ ተቃጥሏል። ከሳምንት ለሚበልጥ አይፍጩ፣ በተከደነ ዕቃ በፍሪጅ ያስቀምጡ፤ የቀለም ወይም የዓሣ ሽታ ካመጣ ተበላሽቷል። በልማድ ተልባ ይጠለልና በስኳር ይጠጣል። ሳይጠለል፣ ያለ ስኳር፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡት፤ አሠሩ ላይ ነው ቃጫው። ደረቁን መቃም አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ክኒን የሚወስድ ሰው በተልባውና በክኒኑ መካከል 2 ሰዓት ያርቅ።

አብሽን ሰው የሚያውቀው ለመወፈሪያ ነው፤ የሚያወፍረው ግን አብሮት የሚገባው ማር ነው። 1 የሻይ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት በብርጭቆ ውኃ ያሳድሩ፣ ጠዋት ከላይ የቀረረውን መራራ ውኃ ደፍተው በአዲስ ውኃ ይምቱት፣ ከምግብ በፊት ይጠጡት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላልና ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀምር። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ይተዉት።

የሚጠጣው

ቡና ለጉበት ከሚጠቅሙት ነገሮች አንዱ ነው፤ በቀን ሦስት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው የመጠንከሩ ነገር አነስ ብሎ ታይቷል። የዘጌ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቢጠጣ ደስ ይላል፤ በእያንዳንዱ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባ ግን በአንድ መቀመጫ 24 ግራም ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቢቀንሱ ምላስ አይቆጣም። ልብዎ በኃይል የሚመታ ወይም እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ ራስዎን አያስገድዱ፤ ቡናው መድኃኒት ስለሆነ ተብሎ አይጠጣም።

ለስላሳ መጠጥ 300 ሚሊ ሊትሩ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ስፕሪስም ያው ነው፤ የሦስት ፍሬ ስኳር ያለ ቃጫው፣ ከላይም ሽሮፕ። ማንጎውን ወይም ዘይቱኑን በጥርስ ይብሉት፣ በቀን ሁለት ፍሬ ይበቃል። የማር ነገር ከባድ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ማር አይንኩ ማለት ያስቀይማል። ይሁን እንጂ ማር አራት አምስተኛው ስኳር ነው፣ ጉበትም ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ቢራ ይቁሙ። ጫትም ጉበት ሲያቆስል ታይቷል።

ምግብ የሆነው መድኃኒት ሲሆን

እርድ አልጫ ውስጥ ምግብ ነው፤ ተጨምቆ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በክኒን ሲሸጥ ጉበት ያቆሰላቸው ሰዎች አሉ። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ክኒንም እንዲሁ። ኮሶ፣ ግራዋ፣ የማይታወቅ ሥርና ቅጠል ተጨምቆ ሲጠጣ ጉበት መጀመሪያ የሚያገኘው መርዙን ነው፤ ኮሶ ከልክ ሲያልፍ ዓይን ጭምር ያጠፋል። «የወፍ በሽታ» መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠውም በዚሁ ውስጥ ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው እንዲህ ባለ ነገር ቀናት ማቆየት ያሳዝናል፤ በእነዚያ ቀናት ሊድን የሚችል ጉበት ይሞታል።

እህል ውስጥ የሚገባ አረምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ሰዎችን የገደለው የጉበት በሽታ እህል ውስጥ ከተቀላቀለ አረም መርዝ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ዳጉሳና ጤፍ ደቃቅ ስለሆኑ አረሙን መለየት ያስቸግራል፤ ያልተበጠረ እህል በርካሽ አይግዙ።

በጾም ወቅት

የጾም ምግብ ሁሉ ለጉበት ይጠቅማል ማለት ስሕተት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በድንች ወጥ፣ በፓስታ፣ በዳቦና በዘይት የሚገድፍ ሰው በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ሊወፍር ይችላል። መጀመሪያ ውኃና አንድ እፍኝ ግብጦ ይብሉ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ ማዕዱ ይቅረቡ፤ የምግቡ መጠን በራሱ ይቀንሳል። የጾም በሶ ያለ ስኳር በውኃና በጨው ይበጥበጥ። በረመዳን ለሚያፈጥር ሰው ደግሞ አንድ ወይም ሦስት ቴምር፣ ሾርባ፣ በሳምቡሳው ቦታ የተቀቀለ ሽምብራ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

ጉበቱ የጠነከረና ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ይህን የመቀነስ ሥርዓት አይከተል። እርሱ የሚያስፈልገው በቂ ፕሮቲን፣ ጥቂት ጨው፣ ማታ ከመተኛቱ በፊትም መክሰስ ነው፤ ረጅም ጾም ጡንቻውን ይበላበታል።

ሦስት ወር

ከምግቡ ጋር በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጨመር፤ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ጠዋት 12 ሰዓት በሐይቁ ዳር፣ ሲጠነክሩ ወደ ቤዛዊት ዳገት። ክብደት ባይቀንስም እንኳ እንቅስቃሴ ከጉበት ስብ ያነሳል።

ክብደትዎን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት፣ በአንድ ሚዛን መዝግቡ፤ ከጎኑ የሳምንቱን ዘይት ይጻፉ፣ አንድ ሊትር ለአምስት ሰው ስንት ቀን እንደቆየ። በሰው በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ከሆነ ከ6 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በአራት ቀን ካለቀ ክብደቱ ያልወረደበት ምክንያት እዚያ ነው። በ3 ወር ኤ.ኤስ.ቲ.፣ ኤ.ኤል.ቲ.፣ ፕሌትሌትና የስኳሩ የሦስት ወር መለኪያ ይደገሙ። ሐኪሙ ፊት ደብተሩን ብቻ ሳይሆን የሚጠጡትን የዕፅ ዱቄትና ክኒን ሁሉ ከነላስቲኩ ይዘው ይቅረቡ፤ ኢንዛይሙ ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱ ነው።